ደሴ ላይ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ሲተከል

ደሴ ብርዳም ከተማ በመሆኗ ሶላር አያዋጣባትም የሚል አስተያየት በየጊዜው ይሰማል፤ አስተያየቱ ግን ትክክል አይደለም። ውሃውን የሚያሞቀው የፀሐይ ብርሃን እንጂ የአየሩ ሙቀት አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ፀሐይ ጠንካራ ነው። ተተክለው ጥቅም የማይሰጡ ማሞቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት በዕቃው ጥራት ሳይሆን በቦታ አመራረጥ፣ በክብደት አያያዝና በውሃ ግፊት አለመመጣጠን ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን መወሰን ያስፈልጋል። አራት ወይም አምስት ሰው ለሚኖርበት ቤት 150 ሊትር የሚይዝ ታንከር ይበቃል። ይህን ያህል ውሃ ከ17 ዲግሪ ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ስለሚያስፈልግ፣ ለዚህ ታንከር በተለምዶ የሚሸጠው ፀሐይ የሚቀበሉ 15 የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ቢሆንም፣ ለደሴ ግን 18 ወይም 20 ቱቦ ያለውን መምረጥ ይሻላል። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ይገኛል፤ አንደኛው በመስታወት የተሸፈነ ጥቁር ሳህንና ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች ያሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለ ሁለት ድርብ የመስታወት ቱቦ ነው። ጥርት ባለ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጠፍጣፋው ሳህን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ፣ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳለ እንኳ በመዳቡ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የመስታወቱ ቱቦ በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል አየር ስለሌለ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ በእኔ ግምት ደሴ ላይ ሌላውን የሚያስመርጥ ምክንያት የለም።

ቦታ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ጥላ ነው። የቶሳ ተራራ ከተማዋን በምዕራብ በኩል ስለሚጋርዳት፣ በተራራው ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ፀሐይ ከሌላው ቦታ ቀድማ ትሰወራለች። ማሞቂያው የሚተከልበት ቦታ ቢያንስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለ ጥላ መቆየት አለበት፤ ይህም በግምት ሳይሆን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ወር ቦታው ላይ ቆሞ በማየት ቢረጋገጥ ጥሩ ነው። የጎረቤት ባህር ዛፍም አይዘንጋ፤ ዛሬ ከአጥር እምብዛም ያላለፈ ችግኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሪያውን በሙሉ ሊጋርድ ይችላል።

ቱቦዎቹ ወደ ደቡብ እንዲመለከቱ ይደረጋል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት በስተሰሜን ታልፋለች፤ ሆኖም በእነዚያ ወራት ክረምቱ ሲገባ ሰማዩን የሚሸፍነው ደመና ስለሆነ፣ አቅጣጫው መወሰን ያለበት ሙቅ ውሃ ይበልጥ በሚፈለግበት የበጋ ብርድ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ተዳፋት ለዓመቱ ይስማማል። ከሰዓት በኋላ ቶሳ የሚያጠላበት ግቢ ከሆነ ቱቦዎቹን ከደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ማዞር የጠዋቱን ፀሐይ ለመጠቀም ይረዳል። አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ቆርቆሮና ብረት ኮምፓሱን ስለሚያሳስቱ ራቅ ብሎ መለካት ያስፈልጋል። ይበልጥ አስተማማኙ ዘዴ በታኅሣሥ ወር ቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ቀጥ ያለ እንጨት ተክሎ ጥላውን ማየት ነው፤ ጥላው ወደ ሰሜን ያመለክታል፣ ተቃራኒው ደቡብ ነው።

ክብደቱን ብዙ ሰው አሳንሶ ይገምታል። ከታንከሩ 150 ሊትር በተጨማሪ እያንዳንዱ ቱቦ 2.5 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚይዝ፣ 20 ቱቦ ያለው ማሞቂያ ሲሞላ ከነብረቱ 250 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ያለው ቤት ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። በባህር ዛፍ ማገርና በሞራሌ (በተሰነጠቀ ጣውላ) የተሠራ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ለዚህ አልተሠራም፤ ሸክሙ በአራት ነጥብ ሲያርፍበት ሞራሌው ይጎብጣል፣ ኮርኒሱ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ምስማሩ ባለፈበት ቀዳዳ ዝናብ ይገባል። እንዲህ ላለው ቤት ከግድግዳው አጠገብ፣ የራሱ የኮንክሪት መሠረት ያለው የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ማማ ማሠራት ይገባል፤ ወጪው ከፍ ቢልም በዚህ ላይ መቆጠብን አልመክርም። ነፋሱም ስለሚበረታ እግሮቹ በቡሎን ከመሠረቱ ጋር መታሰር አለባቸው።

የቧንቧው ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አብዛኛው ባለ መስታወት ቱቦ ማሞቂያ ግፊት እንዲሸከም ያልተሠራ ስለሆነ፣ ከከተማው የውሃ መስመር ጋር በቀጥታ መገናኘት የለበትም። ውሃው መጀመሪያ ወደ ሮቶ፣ ከሮቶው ደግሞ ተንሳፋፊ ኳስ ባለው ቫልቭ አማካኝነት ከማሞቂያው ላይ ወደተቀመጠች ትንሽ ታንከር ይወርዳል፤ ለዚህም የሮቶው ወለል ከትንሿ ታንከር ከፍ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል። የእንፋሎትና የአየር መውጫው ቀዳዳ ወፍ እንዳይገባበት በወንፊት ይሸፈን እንጂ ፈጽሞ አይደፈን። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ለቀናት ራቅ ብሎ ከሄደ ታንከሩ እስከዚያ መድረሱ የማይቀር ነው።

ሻወር ቤት ውስጥ የቀዝቃዛው ውሃ መስመርም ከዚያው ሮቶ ቢመጣ ይመረጣል። ቀዝቃዛው ከከተማው መስመር በከፍተኛ ግፊት፣ ሙቁ ደግሞ ከላይ በክብደቱ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ሁለቱ ቧንቧዎች አንድ ላይ ሲከፈቱ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር ይገፋል፤ ከዚያም ታንከሩን ሞልቶ በአየር መውጫው በኩል ጣሪያ ላይ ይፈስሳል። ከሻወሩ ይልቅ ከጣሪያው ውሃ ሲንጠባጠብ የታየበት ቤት ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። መስመሩን መለየት ካልተቻለ ወደኋላ የማያስመልስ ቫልቭ በሙቁ መስመር ላይ ይግባ። ለሙቁ መስመር ለሙቅ ውሃ የተሠራ ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ እንጂ ተራ ፒቪሲ አይሆንም፤ ፒቪሲ በሙቀት ይለሰልሳል። ቧንቧው አጭር ይሁን፣ በስፖንጅ ሽፋንም ይጠቅለል፤ በ10 ሜትር ግማሽ ኢንች የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ውስጥ የሚቆመው ውሃ ብቻ 2 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ሙቁ እስኪመጣ የሚደፋው ቀዝቃዛ ውሃ ይበዛል።

ቱቦዎቹን ማስገባት ትዕግሥት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቱቦ ከመግባቱ በፊት የታችኛው ጫፉ ይታይ፤ ጫፉ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቶበታልና ለሻጩ ይመለስ። የአቧራ መከላከያው ቀለበት በቅድሚያ ቱቦው አንገት ላይ ይጠለቃል፤ ከዚያ የታንከሩ ጎሚኒ (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) እና የቱቦው አፍ በሳሙና ውሃ ይረጥባሉ፣ ቱቦውም በሁለት እጅ ተይዞ ቀስ እያለ እየተሽከረከረ ይገፋል። ዘይትና ቅባት ጎሚኒውን ስለሚያበላሹ አይነኩም፤ ቱቦው አልገባ ካለም በኃይል ከመግፋት አውጥቶ እንደገና ማርጠብ ይበጃል።

የመጀመሪያው ሙሌት በማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ከመሸ በኋላ ይከናወን። በእኩለ ቀን ባዶውን የቆየ ቱቦ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። ይህ ጉዳይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ከተከላው በኋላም አብሮ ይኖራል፤ ሮቶው ባዶ ሆኖ ማሞቂያው ከደረቀና ውሃው እኩለ ቀን ላይ ከመጣ፣ ወደ ማሞቂያው የሚወስደው ቫልቭ ተዘግቶ እስኪመሽ መጠበቅ የግድ ነው። ቫልቩ ያለ መሰላል የሚደረስበት ቦታ ላይ ቢገጠም ይህን የማድረግ ዕድሉ ይጨምራል።

ለሐምሌና ለነሐሴ ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሬዚስታንስ ያለው ታንከር ያስፈልጋል። ሽቦው የራሱ ብሬከርና መሬት ውስጥ የተቀበረ ኧርዝ ሊኖረው ስለሚገባ ሥራው ለኤሌክትሪሺያን ይሰጥ፤ ታንከሩ ባዶ ሳለም ፈጽሞ አይብራ።

ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝና ሞቃታማ በመሆኗ፣ እዚያ 15 ቱቦ ያለው ለተመሳሳይ ቤተሰብ ይበቃል። በአንጻሩ ውሃው ሕፃናትን የሚያቃጥል ሙቀት ላይ ቶሎ ስለሚደርስ፣ ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚቀላቅል ቧንቧ በእያንዳንዱ ሻወር ላይ መግጠም ያስፈልጋል፤ በሞቃቱ ወራትም ከቱቦዎቹ የተወሰኑትን በሸራ ሸፍኖ ማቆየት ይቻላል።