በሴንጋኩጂ የአርባ ሰባቱን ሳሙራዮች መቃብር በወጉ ለመጎብኘት

በቶኪዮ ታካናዋ ሰፈር የሚገኘው ሴንጋኩጂ ሰፊ ቤተ መቅደስ አይደለም፤ አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ከዚያ የተሻለ አላደረግሁም፤ ከዚህ በታች ያለውን የተማርኩት በሁለተኛው ጉዞዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ታሪኩን ይወቁ፤ ድንጋዮቹ ብቻቸውን ለእንግዳ ሰው ምንም አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1701 የአኮ ግዛት ገዥ የነበረው አሳኖ ናጋኖሪ፣ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) የአገሪቱ ወታደራዊ ገዥ በሆነው በሾጉኑ ግንብ ውስጥ የሥነ ሥርዓት ሹሙን ኪራ ዮሺናካን በጎራዴ አቆሰለው። በዚያ ሥፍራ ጎራዴ መምዘዝ ከባድ ወንጀል ስለነበረ በዚያው ዕለት ሆዱን ቀዶ እንዲሞት ተፈረደበት፤ ርስቱም ተወረሰ። ሮኒን፣ ማለትም ጌታ አልባ ሳሙራይ የሆኑት ሎሌዎቹ በኦኢሺ ኩራኖሱኬ መሪነት ሃያ አንድ ወር ያህል ጠብቀው የኪራን ግቢ ሰብረው ገደሉት፤ ራሱንም ቆርጠው ጌታቸው ወደተቀበረበት ወደ ሴንጋኩጂ አመጡት። ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ በመጋቢት 1703፣ ከአርባ ሰባቱ አርባ ስድስቱ እንደ ጌታቸው ሆዳቸውን ቀደው እንዲሞቱ ተደረገ።

ቀን ሲመርጡ ታኅሣሥ 5 ቀን ገደማ የሚውለውን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የዲሴምበር 14ን የወረራውን መታሰቢያ በዓል ይጠንቀቁ። ወረራው የተፈጸመው በድሮው የጃፓን አቆጣጠር በ12ኛው ወር በ14ኛው ቀን ሲሆን፣ ይህ በአውሮፓውያኑ ጥር 1703 መጨረሻ ላይ ይውላል፤ ጃፓን አቆጣጠሯን ስትቀይር ግን በዓሉ ቁጥሩን ይዞ ቀረ። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በዚያ ቀን ሕዝቡና ጭሱ ድንጋዮቹን ቀርቦ ለማየት ፋታ ስለማይሰጡ፣ የበዓሉን ሰልፍ ለማየት ካልሆነ በቀር በሥራ ቀን በማለዳ መሄድ ይሻላል።

በባቡር ሴንጋኩጂ ጣቢያ ወርደው በኤ2 መውጫ ይውጡ፤ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። በ1832 በተሠራው ትልቅ በር አጠገብ የኦኢሺን ሐውልት ያዩታል። ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ደግሞ የኪራ ራስ የታጠበበት የውኃ ጉድጓድ አለ፤ ለጌታቸው መቃብር ከመቅረቡ በፊት መታጠብ ነበረበትና።

አሁን ዋናው ነገር በየመቃብሩ ፊት የሚቀመጠው ሰንደል ነው። በመቃብሩ መግቢያ ላይ በጥቅል ይሸጣል፤ ተለኩሶም ይሰጥዎታል። ዝርዝር የን ይዘው ይሂዱ። ከመግዛትዎ በፊት ግን ባዶ እጅዎን አንድ ጊዜ ይዙሩ፤ ይህን ምክር ማንም አልሰጠኝም። የጌታው የአሳኖ መቃብር ለብቻው ነው፤ ሎሌዎቹ ደግሞ በአንድ ግቢ በረድፍ ተኝተዋል። ኦኢሺና ልጁ ቺካራ ጣሪያ የተሠራላቸው ስለሆነ በቀላሉ ይለያሉ። የሌሎቹ አቀማመጥ የሞቱበትን ቤት የተከተለ ነው፤ እስከ ፍርዱ ድረስ በአራት መሳፍንት ቤት ተከፋፍለው ታስረው ነበር፦ አሥራ ሰባት በሆሶካዋ፣ አሥር በማትሱዳይራ፣ አሥር በሞሪ፣ ዘጠኝ በሚዙኖ።

እኔ ይህን ሳላውቅ የሚጨስ ጥቅል ይዤ ገባሁ። ለጌታው አንድ እፍኝ ሰንደል አኖርኩ፤ ለኦኢሺም እንዲሁ፤ ከዚያ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝና አመዱ እጅጌዬ ላይ ሲረግፍ መቸኮል ጀመርኩ። ግማሹን ሳልዞር እጄ ላይ የቀረው የተጠቀለለበት ወረቀት ብቻ ነበር። ስለዚህ ይቁጠሩ፤ ለጌታው ጥቂት፣ ለሌላው ሁሉ አንድ አንድ ይበቃል። ነፋስ መትቶት ጥቅሉ ነበልባል ካወጣ በአፍዎ እፍ አይበሉት፤ የሰው ትንፋሽ እንደ እርኩስ ስለሚቆጠር በእጅ ማራገብ ወይም ጥቅሉን ወደ ታች ወዝወዝ ማድረግ ነው ወጉ።

ሲቆጥሩ ድንጋዮቹ አርባ ሰባት ሳይሆኑ አርባ ስምንት ይሆኑብዎታል። ካያኖ ሳንፔይ ከወረራው በፊት ራሱን የገደለ ሎሌ ነው፤ በኋላ መታሰቢያ ቆሞለታል። ቴራሳካ ኪቺኤሞን ደግሞ ከወረራው በኋላ ከጓዶቹ ተለይቶ የሄደ፣ ሳይቀጣም እስከ እርጅናው የኖረ ነው፤ ድንጋዩ እዚህ ቢኖርም የሞተው ከጓዶቹ ጋር አይደለም።

እሱን ለማግኘት የስልክ ተርጓሚ አይመኑ፤ ያረጀ የድንጋይ ቅርጽ ላይ ይደናቀፋል። ይልቁንም «ስለት» እና «ጎራዴ» የሚሉትን ሁለት የጃፓን ፊደላት አስቀድመው በስልክዎ ፎቶ ይያዙ። ለሎሌዎቹ ከሞት በኋላ በተሰጣቸው ስም ውስጥ ሁለቱ ፊደላት እየተደጋገሙ ይገኛሉ፤ በቴራሳካ ስም ግን የሉም፤ በምትካቸው «ራሱን ያገለለ» የሚል ትርጉም ያላቸው ፊደላት ተቀርጸዋል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሰንደሌ ያለቀው እሱ ጋ ሳልደርስ ነበር። ከጥቅሉ አንዷን ለእሱ አስቀርተው ይዙሩ።