የተለመዱ የብር ሳንቲሞችን በአስቸኳይ ለመሸጥ የት መሄድ ይሻላል?

አስቸኳይ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ሳንቲሞቹን ይዞ መጀመሪያ ያገኘው ሱቅ ሲገባ የሚጎዳው፣ ሁለት ነገሮችን ሳያውቅ ስለሚገባ ነው። አንደኛው፣ በእጁ ያለው ንጹሕ ብር ስንት ግራም እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ከሳንቲሞቹ መካከል በችኮላ መሸጥ የሌለበት መኖር አለመኖሩ ነው። ተራ ሳንቲም ተቸኩሎ ቢሸጥ የሚያጡት ጥቂት ነው። ብርቅዬው በተራው ዋጋ ሲሄድ ግን የዋጋው አብዛኛው ክፍል ለገዢው ይቀራል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው።

1. አያጽዷቸው

ጥቁረቱ አያሳስብዎት። ሳንቲምን በጥርስ ሳሙና፣ በሎሚ ወይም በብረት መወልወያ ሲያሹት ስስ የሆነው የላይኛው ገጽ ይላጣል። ሰብሳቢ ይህን በአንድ እይታ ይለየዋል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። ለማቅለጫ የሚገዛው ደግሞ ስላበራ ብቻ አይጨምርልዎትም።

2. በዓመትና በዓይነት ይለዩ

የአሜሪካ ባለ 10፣ ባለ 25 እና ባለ 50 ሳንቲም እስከ 1964 ድረስ የተሠራው 90 በመቶ ብር ነው። ከ1965 እስከ 1970 ያለው ባለ 50 ሳንቲም 40 በመቶ ብቻ አለው። ባለ 25ቱን በጠርዙ ይዩት፦ የብር ከሆነ ጠርዙ ዙሪያውን ነጭ ነው፤ ከ1965 ወዲህ የወጣው ግን የመዳብ ቀይ መስመር ይታይበታል። የእንግሊዝ የብር ሳንቲሞች እስከ 1919 ድረስ 92.5 በመቶ፣ ከ1920 እስከ 1946 ደግሞ 50 በመቶ ብር ነበሩ፤ ከ1947 ጀምሮ ለመገበያያ በወጡት ውስጥ ብር የለም።

ማርትሬዛ ለብቻው ይታያል። ከ1780 በኋላ መቼም ይሠራ፣ በላዩ የሚጻፈው ዓመት 1780 ስለሆነ ዓመቱን አይቶ «ጥንታዊ ነው» ማለት አይቻልም፤ አብዛኛው በኋለኞቹ ዘመናት ተደጋግሞ የተመታ ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ጥራቱ 83.3 በመቶ፣ ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ነው።

ጥቂት ደቂቃ የሚጠይቀው ብርቅዬዎቹን መፈለግ ነው። ሞርጋን ዶላር የተባለው አሮጌ የአሜሪካ ባለ 1 ዶላር የብር ሳንቲም (ጥራቱ 90 በመቶ) ካለዎት ጀርባውን ያዙሩና ከአበባ ጉንጉኑ ቋጠሮ በታች ያለችውን፣ የተመታበትን ቦታ የምታሳየውን ትንሽ ፊደል በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። 1921 የተጻፈባቸው ሞርጋኖች እጅግ ብዙ ናቸው። በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ የተመታውና የኤስ (S) ፊደል ያለበት ግን 100,000 ብቻ የወጣ በመሆኑ በብሩ ክብደት የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። (ሐሰተኛው የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።) እንደዚህ ያለ ሳንቲም ወይም ምንም ያልተሻሸ፣ አዲስ የሚመስል ካገኙ ወደ ጎን ያስቀምጡት። ዛሬ አይሸጥም።

3. ይመዝኑ፣ ያሰሉ

እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ብር በማግኔት አይሳብም፤ የተሳበው ያለጥርጥር ሐሰተኛ ነው። ያልተሳበው ሁሉ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ መዳብም እርሳስም አይሳቡም። ስለዚህ ክብደቱን ከትክክለኛው ጋር ያስተያዩ። ሞርጋን ዶላር 26.73 ግራም መመዘን አለበት፣ ስፋቱም 38.1 ሚሊሜትር ነው። በአገልግሎት ብዛት ትንሽ ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው፤ 2 ወይም 3 ግራም ከጎደለው ግን ይጠርጥሩት።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ በግራም የተመዘነውን ክብደት በጥራቱ ያባዙ (90 በመቶ ከሆነ በ0.9)፣ ለ31.1035 ያካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር የብሩ መጠን በትሮይ አውንስ ነው፤ የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረውም በዚሁ ነው። 10 ሞርጋን ዶላር 7.735 ትሮይ አውንስ ይሆናሉ። ለምሳሌ አውንሱ 40 ዶላር በሆነበት ቀን የብራቸው ዋጋ 309 ዶላር ገደማ ነው። ነጋዴው 260 ካለዎት የሰጠው 84 በመቶ ነው ማለት ነው። ሁሉንም ገዢ በዚህ መቶኛ ያወዳድሩ፤ የሚያስደስት የሚመስል ጠቅላላ ድምር ብዙ ሰው አታሏል።

4. ገዢውን ይምረጡ

ለተራ ሳንቲሞችና ለዛሬ ገንዘብ የመጀመሪያው ምርጫ የሳንቲም ወይም የከበሩ ማዕድናት ነጋዴ ነው። ዓይነቱን ስለሚያውቅ በቁጥር ይገዛል፣ እንዳለ መልሶ ስለሚሸጥም የማቅለጫ ወጪ አይቀንስብዎትም። ከገበያው ዋጋ በታች መስጠቱ ራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ እስኪሸጠው ዋጋ ሊወርድበት ይችላል፣ ትርፉም ከዚያው ነው። ለታወቀ ሳንቲም ከ80 በመቶ በታች ከሰጠ ግን ሌላ ቦታ ይጠይቁ።

ወርቅና ብር ሠሪ ሳንቲሙን የሚያየው እንደ ቀላጭ ብረት ነው። የማቅለጡንና የማጣራቱን ወጪ ያነሣል፣ ጥራቱንም ዝቅ አድርጎ ሊገምት ይችላል። የተበሳ፣ ጆሮ የተበየደበት ወይም የተጣመመ ሳንቲም ካለዎት እሱን ለእዚህ ገዢ ያድርጉት።

በመያዣ የሚያበድር ሱቅ ፈጣን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ዝቅተኛውን ዋጋ የሚሰጠው እሱ ነው። ገንዘቡ የሚያስፈልግዎ ለሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ ከመሸጥ ይልቅ አስይዞ መበደር ሊያዋጣ ስለሚችል ወለዱን አስልተው ይወስኑ። በሆቴል አዳራሽ ለጥቂት ቀናት ተቀምጠው «እንገዛለን» የሚሉትን እንዲያልፏቸው እንመክራለን፤ ከሄዱ በኋላ የሚጠየቅ አድራሻ የላቸውም።

በኢንተርኔት የሚገዙ ድርጅቶች የተሻለ ዋጋ ሊሰጡ ይችላሉ። ዋጋውን አስቀድመው ይቆርጡልዎታል፣ እርስዎ ሳንቲሙን በፖስታ ይልካሉ፣ እነሱ ከመረመሩ በኋላ ይከፍላሉ። ይህ ቀናት ይፈጃል፤ ጥቂት ሳንቲም ከሆነም የፖስታውና የመድኅኑ ወጪ ጭማሪውን ይበላዋል። ጨረታ ቤት ወራት ስለሚወስድ ወደ ጎን ላስቀመጡት ብርቅዬ ብቻ ነው።

5. በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ይደውሉ

ዋጋ በየሰዓቱ ስለሚንቀሳቀስ የትናንትን መልስ ከዛሬው ጋር ማወዳደር አያስኬድም። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ «10 የ1921 ሞርጋን አለኝ፣ ያገለገሉ ናቸው። ዛሬ በስንት ይገዛሉ? ጥሬ ገንዘብ ነው? መታወቂያ ያስፈልጋል?» ስንት ገንዘብ እንደቸገረዎ አይንገሩ፤ ዋጋውን ነጋዴው ይጥራ። ቅዳሜና እሑድ የዓለም ገበያ ዝግ ስለሆነ ነጋዴው ለሰኞ ስጋት ብሎ ሊቀንስ ይችላል። ከቻሉ በሥራ ቀን ይሂዱ።

6. ሚዛኑ ፊት ይቁሙ

ሳንቲሞቹ ከዓይንዎ ርቀው ወደ ጓዳ አይግቡ። ሚዛኑ በምን እንደሚያነብ ይጠይቁ። በፔኒዌይት መዝኖ በግራም ዋጋ የሚከፍል ገዢ አለ፤ አንድ ፔኒዌይት 1.555 ግራም ስለሆነ ከሚገባዎት ከሲሶው በላይ ያስቀርብዎታል። የተለያየ ጥራት ያላቸውን አንድ ላይ አስመዝነው አይሽጡ፤ 90 በመቶው ከ40 በመቶው ጋር ሲቀላቀል ሁሉም በዝቅተኛው ሊሰላ ይችላል።

ሁሉንም የመሸጥ ግዴታ የለብዎትም። ለችግርዎ የሚበቃውን ያህል ሸጠው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ዓይነቱ፣ ብዛቱና ዋጋው ይጻፍበት። ክፍያው በቼክ ከሆነ ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን ባንክዎ እስኪያረጋግጥ ድረስ ሳንቲሞቹን አያስረክቡ።