ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት፦ የወንዛችንን ትንሽ ዓሣ ለማየትና ለማቆየት

ሆለታ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከቤቴ አሥር ደቂቃ ቁልቁል ሲወርዱ ወደ አዋሽ የሚሄድ ወንዝ አለ። "ዓሣ አለው እንዴ?" የሚለኝን ሰው "አዎ" ስለው ይስቃል። ዓሣ ሲባል በሰው ዓይን የሚመጣው አምባዛና ቆሮሶ ነው፤ ያውም ተጠብሶ። የእኛዋ ከመሃል ጣት ብዙም አትረዝምም። ጥብስ አይወጣትም።

ሳይንሳዊ ስሟ ጋራ ነው። ጋራና ሸንተረር የምንለው እንዳይመስላችሁ፤ ከሕንድ የመጣ የዓሣ ስም ነው። በአገራችን በብዛት የምትታወቀው ጋራ ደምቤንሲስ ናት። ይቺ ደግሞ ስሟ ከደምቢያ ነው። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1830ዎቹ (በፈረንጆቹ) ከጣና ያገኛትን ይዞ ነው ስም ያወጣላት። አዋሽም ውስጥ አለች።

እንዴት እንደምታዩዋት ልንገራችሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ክረምት ላይ ውሃው ጭቃ ነው፤ ምንም አይታይም፤ ሙላቱም ሰው ይወስዳል። ሰዓቱ ረፋድ ላይ፣ አራት ተኩል አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዛችሁ ቁሙ። ጥላ ካየች የለችም።

የምትፈልጓት ውሃው ጸጥ ብሎ በተኛበት ሳይሆን ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሿሿ በሚወርድበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ዓሣዋን አትፈልጉ። ድንጋዩን አንብቡ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሙልጭልጭ፣ አልጌ የምንለው፣ ምግቧ ነው። አረንጓዴው መሃል ልጅ የላሰው ሳህን የመሰለ ንጹሕ ቦታ ካያችሁ እዚያ ነበረች ማለት ነው። ምናልባትም አሁንም አለች። ታችው ጠፍጣፋ የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ እቃ ይዛችሁ ውሃው ላይ በስሱ ጫን አድርጉና በእሱ ውስጥ ተመልከቱ። ሞገዱና ነጸብራቁ ይጠፋል። ይሄ ዘዴ ከማንኛውም መነጽር ይሻላል።

አንዷን ለአፍታ ይዛችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ትልቅ ወንፊት ይበቃል። እጃችሁን ግን አስቀድማችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቆዳዋን የሸፈነው እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ልባስ ከበሽታ የሚጠብቃት ነው፤ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። ከዚያ የወንዙን ውሃ በሞላ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሯትና ጠብቁ። ትንሽ ትራወጥና ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ልጥፍ ትላለች። ይኼኔ ከሥር ሆናችሁ ተመልከቱ። አፏ ፊቷ ላይ ሳይሆን ሆዷ በኩል ነው። ከአፏ ሥር፣ አገጯ ላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ነገር አለች። በእሷ ነው ድንጋዩን ሙጭጭ ብላ የምትይዘው። የደረት ክንፎቿንም ግራና ቀኝ ዘርግታ ትደገፍባቸዋለች። ወንዙ እየገፋት እሷ ቁርሷን ትፍቃለች። መንጋጋዋ ላይ ጥርስ የላትም፤ የምትፈጭበት ጥርስ ያለው ጉሮሮዋ ውስጥ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁሌም አንዱ ተነስቶ የራሱን ጉሮሮ ይነካል።

ሁለት ደቂቃ ይበቃችኋል። ከዚያ ወደ ነበረችበት።

ይሄን ሁለት ደቂቃ የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አንድ ቅዳሜ ተማሪዎች ይዤ ወርጄ አንደኛው "ቲቸር፣ ቤት ወስጄ ላሳድጋት?" አለኝ። እሺ አልኩት። ሃይላንድ ውስጥ ከተታት፣ ክዳኑን አጠበቀ፣ ቦርሳው ውስጥ አስገባት። ቤት ሲደርስ ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ነበር። ማወቅ ነበረብኝ። ሆለታ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የሚንሿሿ ወንዝ የለመደች ዓሣ በተዘጋ፣ በሞቀ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ አትቆይም።

ድንጋይ አንስታችሁ ከሆነ በነበረበት ጎን መልሱት። ሥሩ የተለጠፉት ትንንሽ ነፍሳት ፀሐይ ላይ ከተገለበጡ ይሞታሉ። አረንጓዴው ገጽ ወደ ጭቃው ከዞረ ደግሞ የዓሣዋ ማዕድ ተደፋ ማለት ነው። ድንጋይና አሸዋ በመኪና የሚጭኑትማ ቤቱን ከነጓዳው ነው የሚወስዱት።

ማየቱ ይሄው ነው። ማቆየቱ ከባድ ነው፤ በተለይ ከጥር በኋላ። ድንችና ጎመን የሚያጠጡ ጎረቤቶቼ ሞተር ይተክላሉ፣ ወንዙ ይሳሳል፣ መጋቢት ላይ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። የቀሩት ዓሦች እዚያ ውስጥ ናቸው። ሞተር የምትተክሉ ከሆነ የመጨረሻዋን ጥልቅ ኩሬ ተዉላቸው። ቱቦውን ደግሞ እንዲህ አድርጉ፦ ጫፉን ሰፊ ቅርጫት መሃል አስገቡና ቅርጫቱን ሽንኩርት በሚመጣበት መረብ ከረጢት ሁለት ዙር ጠቅልሉት። ቅርጫቱ በሰፋ ቁጥር ውሃው በየቀዳዳው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጫጩቶቹም ተስበው አይጣበቁም። አጎበር ግን እንዳታደርጉ! የተነከረበት ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ነው። አጎበር ዘርግቶ ማስገርም ያው ነው፤ እንዲያውም ገና የተፈለፈለውን ሳይቀር ነው የሚጠርገው።

ስለ ብርብራም ልንገራችሁ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይንሳፈፋል፤ ድሮም የሚታወቅ ነው። ውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣውን ሴሎች ኦክስጅን መጠቀም ይከለክላቸዋል። ውሃው ውስጥ አየር እያለ ታፍኖ ይሞታል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ወርጄ ነጭ ሆድ በነጭ ሆድ ሆኖ አየሁት። በታኞቹ ተለቅ ተለቅ ያለውን ለቅመው ሄደዋል፤ ጣት ጣት የሚያካክሉት ቀርተዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ዝም ብሎ አይደለም። እንዲህ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ለቀበሌውና ለግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ ከብት እንዳይጠጣም ሰው ላኩ። ልብስና ባጃጅ የምታጥቡ፣ በባልዲ ቀድታችሁ ከወንዙ ራቅ ብላችሁ እጠቡ፤ እጣቢውን አፈሩ ላይ ድፉት።

ቅርጫቱን መጀመሪያ ያሠራሁት ከታች በኩል ጎመን የሚተክል የድሮ ተማሪዬን ነው። ሊሰማኝ አልፈለገም።

"ቲቸር፣ ይቺ ነገር ትበላለች?"

"አትበላም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለች?"

"ቱቦህን የሚደፍነውን አረንጓዴ ትበላልሃለች" አልኩት። ትንሽ አጋንኜ ነበር። እሱ ግን ሳቀና ቅርጫቱን ጠቀለለ።

ባለፈው መጋቢት ስልክ ደወለ። ቅርጫቱን ሊያጸዳ ሲያወጣው በውጭ በኩል አረንጓዴ አብቅሏል፤ ሁለት ዓሦች ተለጥፈውበት ይፍቁታል።

"ቲቸር፣ አሁን ላጽዳው ወይስ በልተው ይጨርሱ?"

"መልሰው" አልኩት። "ነገ ታጸዳዋለህ።"