የኔትወርክ መስመርን ጤንነት በጊዜ ሂደት እንዴት እንከታተል?

ከአንድ ቅርንጫፍ ተደውሎ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ አብዛኛው የኔትወርክ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ቅርንጫፉ ራውተር (ኔትወርኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ፒንግ መላክ ነው፤ ፒንግ መሣሪያው መመለሱንና ምላሹ የፈጀውን ጊዜ የሚፈትሽ አጭር መልእክት ነው። ምላሹ በ4 ሚሊ ሰከንድ ከመጣ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም የሚያስረዳው ያንን ቅጽበት ብቻ ነው። መስመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም ትናንት በዚሁ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር አይናገርም፤ ተጠቃሚው የሚያማርረው ደግሞ በአብዛኛው ስለዚያ ነው። በመሆኑም የሚለካው ሁሉ ሳይቋረጥ መመዝገብ አለበት።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ስሞክፒንግ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። አስቀድሞ በተቀመጠለት አሠራር በየ5 ደቂቃው ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ 20 ፒንግ ይልካል፤ የምላሾቹን መካከለኛ ዋጋ በደማቅ መስመር፣ የቀሩትን ደግሞ በዙሪያው እንደ ጭስ በተበተነ ግራጫ ጥላ ይሥላል። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ጭሱ ቀጭን ከሆነ ምላሾቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሲወፍር አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ላይ ወረፋ አለ ማለት ነው፤ የመስመሩ ቀለም መለወጥ ደግሞ ከሃያዎቹ መካከል የጠፉ ፒንጎች መኖራቸውን ያመለክታል። ኮምፒውተሩ ከዩፒኤስ ጋር መገናኘቱ አይዘንጋ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ ተቆጣጣሪ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ባዶ ግራፍ ያስረክባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወዴት እንደሚለካ መወሰን ነው። በዋናው መሥሪያ ቤትና በቅርንጫፉ መካከል ያለውን መስመር ለመከታተል የራስን ራውተር፣ የቅርንጫፉን ራውተር እና ከእርሱ ጀርባ ያለ አንድ ኮምፒውተር ወይም ፕሪንተር በአንድነት መለካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጤነኛ ሆኖ ሁለቱ አብረው ከታመሙ ችግሩን በመካከል ባለው መስመር ወይም በቅርንጫፉ ራውተር ላይ መፈለግ ነው፤ ሦስተኛው ብቻ ከታመመ የቅርንጫፉን ስዊች (ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን መሣሪያ) እና ገመዱን መፈተሽ ይገባል። የቅርንጫፉ ራውተር ብቻ ፒንግ እያጣ ከጀርባው ያለው ኮምፒውተር ሁሉንም ከመለሰ ግን መደንገጥ አያስፈልግም፤ ብዙ ራውተሮች ለራሳቸው የተላከን ፒንግ ከሥራቸው ሁሉ የመጨረሻ ስለሚያደርጉት፣ ሥራ ሲበዛባቸው እርሱን ሳይመልሱ ይቀራሉ እንጂ የሌላውን ፓኬት (በኔትወርኩ የሚጓዝ የመረጃ ጥቅል) ማሳለፋቸውን አያቋርጡም።

ልኬቱ ሲጀመር ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የማስጠንቀቂያ መልእክት ሳይላክበት ይሂድና የመስመሩ የዘወትር ጠባይ ይታወቅ። ለሁሉም መስመር የሚሆን አንድ «ጥሩ» ቁጥር የለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልሱ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ቢሄድ ምላሹ ከ3 ሚሊ ሰከንድ ብዙም ዝቅ ሊል አይችልም። ምድርን በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሚዞር ሳተላይት የሚያልፍ መስመር ደግሞ ከ470 ሚሊ ሰከንድ በታች አይወርድም። ስለዚህ 40 ሚሊ ሰከንድ ለአንዱ መስመር ሕመም፣ ለሌላው የማይገኝ ጤና ነው።

ፒንግ ብቻውን የማያሳየው ብዙ ነገር ስላለ የራውተሩና የስዊቹ ፖርቶች (የገመድ መሰኪያዎች) የሚቆጥሩትን ስሕተት በኤስኤንኤምፒ (የመሣሪያዎችን መረጃ ከርቀት ለማንበብ በሚያገለግል ፕሮቶኮል) መሰብሰብ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ሰዎች ሥራ ሲጀምሩ የሚንቀራፈፍ፣ ማታ ግን ምንም የማይሆን መስመር ገጥሞኝ ነበር፤ በፈተንኩት ቁጥር ፒንጉ ንጹሕ ነው። የፖርቱ ቆጣሪ ለሦስት ቀን ሲመዘገብ ግን የሲአርሲ ስሕተቱ (ተበላሽቶ የደረሰው መረጃ ቁጥር) ጠዋት ጠዋት እየዘለለ ይወጣል፣ ሌሊት ደግሞ ይቆማል። ምክንያቱ አንደኛው ጫፍ በእጅ 100 ሜጋ ቢትና ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) ሲደረግለት ሌላኛው በአውቶ (ራሱ ከሌላው ጫፍ ጋር እንዲስማማ) መተዉ ነበር። አውቶ የሆነው ወገን ፍጥነቱን ቢያውቅም ዱፕሌክሱን ማወቅ ስለማይችል ወደ ሃፍ ዱፕሌክስ (በየተራ መላክና መቀበል) ይወርዳል፤ ትራፊክ ሲጨምር ሁለቱ ይጋጫሉ። ሁለቱንም አውቶ ማድረግ በቃ። በነገራችን ላይ ስሕተቱን በጠቅላላ ድምሩ መመልከት ዋጋ የለውም፤ ሊታይ የሚገባው በእያንዳንዱ ዙር የጨመረው ነው። የትራፊክ ቆጣሪውም ባለ 64 ቢት ይሁን፤ ባለ 32 ቢቱ በሞላ የ1 ጊጋ ቢት መስመር ላይ በ34 ሰከንድ ገደማ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል።

በየ5 ደቂቃው መለካት በቀን 288 ልኬት ይሰጣል። ስሞክፒንግን የመሰሉ መሣሪያዎች የቆየውን መረጃ ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ አማካይ አድርገው ያጠቃልሉታል፤ ከብዙ ወራት በፊት ለ10 ደቂቃ የደረሰ ከባድ መቋረጥ በአማካዩ ውስጥ ሟሙቶ ሊታይ እንኳ አይችልም። ከአማካዩ ጎን ከፍተኛው ዋጋም እንዲቀመጥ ከመጀመሪያው ማዘዝ ይገባል፤ አንዴ የተጠቃለለው አይመለስም።

ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ፣ ችግሩ በተከታታይ 3 ዙር ሲታይ ብቻ እንዲላክ ማድረግና ዋናው ራውተር ሲወድቅ ከጀርባው ያሉት ሁሉ ዝም እንዲሉ ማሰር ይበቃል። በየሌሊቱ በከንቱ የሚጮህ ስልክ በሁለተኛው ሳምንት ድምፁ ይጠፋል።

የሁሉም መሣሪያ ሰዓት በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ በሚያስተካክል ፕሮቶኮል) አንድ መሆን አለበት፤ እኛ ዘንድ ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅርንጫፉ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ሲል ግራፉ ላይ 9:00 ነው፤ የሰዓት ክልሉ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) የተተወ መሣሪያ ግን ያንኑ 06:00 ብሎ ይመዘግበዋል። ለመስመር አቅራቢው አቤቱታ ሲጻፍ፣ ከግራፉ ጋር ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይገለጽ፤ ይህ ሳይገለጽ ከቀረ ያ ወገን የራሱን መዝገብ በሌላ ሰዓት ላይ ከፍቶ «በተባለው ጊዜ መስመሩ ደህና ነበር» ብሎ ይመልሳል።