ገመድ የሚነክሰው የታይታኒየም መዘውር ሲያስቸግር

አዳማ ውስጥ የፎቅ ሕንፃዎችን ግድግዳ በገመድ ተንጠልጥለን ለምንቀባ ሰዎች፣ ገመዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፎ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ጥርስ ባለው ካም (ገመዱን ተጭኖ በሚነክስ ተንቀሳቃሽ ክፍል) የሚይዘው መዘውር የቀለም ባልዲ የመሳብን ድካም በእጅጉ ያቀልላል። የታይታኒየም ሲሆን ደግሞ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 4.5 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን 7.8 ከሚመዝነው ብረት በጣም ይቀላል፤ አይዝግምም። ይሁን እንጂ አካሉ ባይዝግም ሞላው፣ ኩሺኔታውና የካሙ ጥርስ ማርጀታቸው ስለማይቀር፣ ብልሽት ሲኖር መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

ጭነቱ ወደ ታች ሲንሸራተት

በቅድሚያ ቆሻሻን ይጠርጥሩ። ለብሎኬት ሥራ ከሚውለው ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ከቀለም ጋር ተቀላቅሎ በጥርሶቹ መካከል ሲጋገር፣ ካሙ ገመዱን መንከሱን ትቶ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። አንድ ጊዜ ባልዲው ሁለተኛ ፎቅ ሊደርስ ሲል ክንድ ያህል ተመልሶ ወረደብኝና መዘውሩን ከፍቼ ሳየው፣ ነጭ ቀለም የጥርሶቹን ጫፍ ብቻ አስቀርቶ እንደ ኖራ ጠጥሮ ነበር። መፍትሄው ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። ቤንዚን ወይም አኳራጅ የኩሺኔታውን ግራሶ ስለሚያጥብና ገመዱንም ሊጎዳ ስለሚችል አይጠቀሙ።

ከጸዳም በኋላ የሚንሸራተት ከሆነ የገመዱን ውፍረት በመዘውሩ አካል ላይ ከተቀረጸው ልክ ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያ የቀጠነ ገመድ አይያዝም። ካሙን ከፍቶ የሚያቆየው መቆለፊያ ሳይመለስ መቅረቱም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ገመዱን በእጅ ወደ ኋላ ጎትተው ይፈትኑ። ካሙ በጣት ተገፍቶ ሲለቀቅ ወዲያው የማይመለስ ከሆነ ሞላው ደክሟል። የእስክሪብቶ ሞላ ተክቶ የሚሠራ ሰው አይቻለሁ፤ ከሥሩ ግን አልቆምም።

የገመዱ ሽፋን ሲላላጥ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ጫና ነው። ጥርሳም ካም 4 ኪሎኒውተን አካባቢ፣ ማለትም የ400 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ሲያርፍበት ሽፋኑን ሊቀድ ይችላል፤ ላልቶ በቆየ ገመድ ላይ በድንገት የወደቀ ባልዲ ደግሞ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈጥራል። ገመዱ ምንጊዜም ተወጥሮ ይቆይ፤ ውስጡ የታየበት ክፍልም ተቆርጦ ይውጣ።

መሳቡ ሲከብድ

ጭነቱን አውርደው ገመዱ የሚዞርበትን የመዘውሩን ጎማ በጣት ያሽከርክሩት። ካንገራገረ ኩሺኔታው አቧራ ገብቶበታል፤ በነፃነት ከዞረ ግን ገመዱ የጣሪያውን ጠርዝ እየታከከ ስለሚሆን መዘውሩን ከጠርዙ አርቀው ይስቀሉት።

ካሙ አልከፈት ሲል

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጭነት ያለበት ካም አይለቅም። ገመዱን በትንሹ ወደ ላይ ስበው ጫናውን ካነሡለት በኋላ ይክፈቱት፤ በመፍቻ እየመቱ አያስገድዱት።