የማታው ክኒንና የጠዋቱ ሥራ፦ የአእምሮ ሕክምና ላይ ያለ ሠራተኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያጋለጠኝ ሲኒው ነበር። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ሒሳብ ያዥ ነኝ። ሀሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቡና የሚያፈሉልን እናት አቦሉን ሲያቀብሉኝ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳ ጀመር። «ምነው ልጄ፣ በረደህ እንዴ?» አሉኝ። ወሩ ሐምሌ ስለነበር በዝናቡ አሳብቤ አለፍኩ። ቡና ለቃሚዎቹ ሳይቀሩ ግን ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቀጠሮ ወረፋ ላይ እንደ እኔ መድኃኒት እየወሰዱ ሥራ ከሚውሉ ብዙ ሰዎች ጋር አውርቻለሁ። ስህተታችን ይመሳሰላል። የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ሐኪሙ ሳያውቅ በራሳችን መላ ልናስተካክለው እንሞክራለን፤ መላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ይብሳል።

ትልቁ ስህተት ሥራ የሚበዛበት ቀን ሲመጣ መድኃኒቱን መዝለል ነው። «ነገ ጭነት አለ፣ ፈዝዤ መዋል የለብኝም» ይባላል። አንድ ቀን ሁለት ይሆናል፤ ከዚያም ጨርሶ ይቆማል። የሚያታልለው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የጎንዮሽ ጉዳቱ ሲሆን ሕመሙ ግን ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው የሚመለሰው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ደስ ይላል። ጭንቅላት ይቀልላል፣ እጅ ይረጋል፣ ሰውየው «ድሮም አያስፈልገኝም ነበር» ማለት ይጀምራል። ሕመሙ ሲመለስ ከቆመው ክኒን ጋር የሚያያይዘው አይገኝም፤ በባልደረባ ተንኮል ወይም በሰው ዓይን ይሳበባል።

የድብርት መድኃኒት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና መረበሽ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ጥቅማቸው የሚታየው ግን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በአሥረኛው ቀን የሚያቆም ሰው ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን ሱቅ ውስጥ ትቶ እንደ ወጣ ገበያተኛ ነው።

ወደ ጫትና ቡና ልምጣ፤ ጅማ ተቀምጦ ይህን ማለፍ አይቻልም። ክኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለን እጃችን በመጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ እነዚህ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል። ሀሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን የሚሠሩት ደግሞ የዚያኑ የዶፓሚን ሥራ በመግታት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በርጫ የተቀመጠ ሰው ማታ የሚውጠውን ክኒን ከወዲሁ እያፈረሰው ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፣ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ያንቀላፋል፣ ጥፋቱን ለመድኃኒቱ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ለመንቃት እንደገና ይቅማል።

ቡና እንደ ጫት ባይከፋም ንጹሕ አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥንና መቁነጥነጥን ያባብሳል። ክሎዛፒን የተባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የስሜት መዋዠቅን በሚያረጋጋው ሊትየም ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ብዙ ቡና ሊትየሙን በሽንት እንዲወጣ ስለሚያደርግ ቡናውን በድንገት ያቆመ ሰው ሊትየሙ ሊበዛበት ይችላል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ቡናም ውኃም ሲቀር ሊትየሙን የሚያበዙት ሁለት ምክንያቶች ይደራረባሉ፤ ሊትየም ላይ ያለ ጾመኛ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል። ለወገብ ሕመም ብለን ከመድኃኒት ቤት የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የሊትየምን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ማስመለስ፣ መንገዳገድና ከወትሮው የጠነከረ መንቀጥቀጥ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሌላው ስህተት ሰዓቱን እንደ ተራ ነገር ማየት ነው። በኋላ ሐኪሙ ወደ ኦላንዛፒን ሲቀይርልኝ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ልተኛ ስል ነበር የምውጠው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ስገባ አካሌ እንጂ ልቤ አልገባም። ለሐኪሙ ስነግረው ክኒኑን ወደ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አመጣው፤ ያለ ተጨማሪ መድኃኒት ጠዋቴ ተመለሰልኝ። ሁሉም ክኒን ግን የማታ አይደለም፤ ፍሉኦክሰቲን እንቅልፍ ስለሚነሳ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይወሰዳል። ሰዓቱን ከመቀየር በፊት መጠየቅ ነው።

ስሙን ባለማወቅ የሚመጣ ስህተትም አለ። ሀሎፔሪዶል ላይ ሳለሁ እግሮቼ ጠረጴዛው ሥር አንድ ደቂቃ አያርፉም ነበር። ደረሰኝ እየጻፍኩ እነሳለሁ፣ እስከ ሚዛኑ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ተቀምጬ እንደገና እነሳለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሥራ የጠላሁ መሰላቸው፤ እኔ ደግሞ በሽታው የባሰብኝ መሰለኝ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ይህ መድኃኒቱ የሚያመጣው መቁነጥነጥ ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ መድኃኒቱን ሊቀይር ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ማርገቢያ ሊጨምርለት ይችላል። «ጭንቀት ነው» ብሎ የተናገረ ሰው ግን የዚያው መድኃኒት መጠን ተጨምሮለት ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሲጣመም፣ ምላስ ሲተሳሰር ወይም ዓይን ወደ ላይ ሲገለበጥ ደግሞ ባልደረቦች ወደ ጠበል ከመሮጣቸው በፊት ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት። ብዙ ጊዜ በመርፌ ቶሎ ይለቃል።

መጠን በተቀየረበት ሳምንት መፈልፈያ ማሽን አጠገብ መቆም፣ ባጃጅ መንዳት፣ መሰላል ላይ መውጣት ይቅር። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ሊያዞረው ስለሚችል ቀስ ብሎ ይነሣ፤ ፀሐይም ቆዳውን ቶሎ ስለሚያቃጥለው ቡና የሚያሰጣ ሰው ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይለየው።

ለማን ይነገር? ለሁሉም መንገርም፣ ለማንም አለመንገርም ይጎዳል። የበሽታዬን ስም ሳልጠራ ለሥራ አስኪያጁ «መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ጠዋት ይከብደኛል፤ የሚዛን ሥራውን ከአራት ሰዓት በኋላ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። በቃቸው። ፊት ያጠቆሩብኝ ሥራ የጠላሁ መስሏቸው እንጂ ለሕመሜ አልነበረም። ሕጉም ባዶ እጃችንን አልተወንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል፤ በቀረንበት ማግስትም ለአሠሪው ማሳወቅ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህች ማግስት ነው፤ ሦስት ቀን ጠፍቶ ማስረጃ ይዞ ይመጣል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ።

የቀረው ሐኪሙ ፊት ቀርቦ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቀን ክፍሉ ውስጥ የምንቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ወር ሙሉ ያሠቃየን ነገር ከአፋችን ይጠፋል። እኔ መላ ያገኘሁት ከሙያዬ ነው። አንድ የተማሪ ደብተር አሰመርኩ፦ ቀን፣ ክኒን የዋጥኩበት ሰዓት፣ እንቅልፍ የያዘኝ ሰዓት፣ እጄ የተንቀጠቀጠበት ሰዓት፣ በሒሳቡ ላይ የሠራሁት ስህተት። በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ገጾቹን አገላበጠና ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቱን አሳረፈ። መንቀጥቀጡ በየቀኑ የሚብሰው በእነዚያ ሰዓታት ነበር።

«በእነዚህ ሰዓታት ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

የከፈልኩትን ሳንቲም ሁሉ የምመዘግብ ሰው፣ ቡናውን አንድም ቀን አልጻፍኩትም ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በቀን ሁለት ጊዜ።