የድሮ ፕሪሙስ ሲገዙና ሲያድሱ

ጅማ ውስጥ የናስ ፕሪሙስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ሂርማታ ገበያ ዳር ከተዘረጋ አሮጌ ብረታ ብረት መሃል፣ ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ፣ ወይም አያቶች ከኖሩበት ቤት ጓዳ ነው የሚወጣው። ቆራሌው በኪሎ ስለሚመዝን የሚታየው ናሱ እንጂ ምድጃው አይደለም። ስለዚህ ደንበኛ አድርገው ይያዙት፤ «የሚነፋ ምድጃ ካገኘህ ሳትቀጠቅጠው ጥራኝ» ብሎ ስልክ መተው ገበያውን ሙሉ ቀን ከመዞር ይሻላል።

ፕሪሙስ በፈረንጆች 1892 አካባቢ ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የሠራው ምድጃ ስም ነው። ክር የለውም። ጋዙ በአየር ግፊት ወደ ላይ ተገፍቶ በጋለ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ይሆንና በቀጭን ቀዳዳ ወጥቶ ይነዳል፤ ጥላሸት የማያበዛውም ለዚህ ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ አሙንድሰን በ1911 ደቡብ ዋልታ የደረሰው ይህንኑ ይዞ ነው። ኦፕቲመስ፣ ራዲየስና ስቬአም ከዚያው ከስዊድን የመጡ ናቸው፤ ማርካው ምንም ይሁን አሠራሩ ያው ስለሆነ አንዱን ማደስ የቻለ ሌላው አይከብደውም።

ሲገዙ መጀመሪያ ገልብጠው ታችኛውን ክፍል ይዩ። ጎድጎድ ማለቱ ጉዳት የለውም፤ ስንጥቅና በብየዳ የተለጠፈ ቦታ ግን አደጋ ነው። ቀጥሎ የሚቃጠልበትን ራስ ይመርምሩ፦ ቱቦዎቹ የተበሉ ወይም የተሰነጠቁ ከሆነ ምድጃው ለመደርደሪያ ጌጥ እንጂ ለእሳት አይሆንም። የጋዝ መሙያው ክዳን ከነጥርሱ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ሌላ ቦታ አግኝቶ መግጠም አድካሚ ነው። ሦስቱ እግሮችና የድስት ማስቀመጫው ቀለበት ቢጎድሉ አይጨነቁ፣ የትም ያለ በያጅ 6 ሚሊ ሜትር ዘንግ አጥፎ ይሠራቸዋል። የፓምፑ ቆዳ መድረቅ ደግሞ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ እንቢ ማስባያ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ምድጃው ምን እንደሚጠጣ ይለዩ። እዚህ ላይ ቃል ያሳስታል። እኛ ነጭ ጋዝ የምንለው ላምባን ነው። የውጭ መመሪያዎች «ዋይት ጋዝ» ሲሉ ግን የተጣራ የቤንዚን ዘር ማለታቸው ነው። ቃሉን በቀጥታ ተርጉሞ የቤንዚን ምድጃ ውስጥ ላምባ የሚጨምር ሰው ጭስ ብቻ ያተርፋል፤ በተቃራኒው የላምባ ምድጃ ውስጥ ቤንዚን የሚጨምር ግን ቤቱን ያቃጥላል። ምክንያቱም ከእሳቱ ሥር ያለው ታንክ ሲሞቅ ቤንዚን ግፊቱ በፍጥነት ይጨምራል፣ የላምባ ፕሪሙስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍስ መከላከያ የለውም። ፓምፕ ያለው፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ብሎን ያለው፣ ራሱ ላይ መዝጊያ የሌለው የላምባ ነው። እንደ ስቬአ 123ና ኦፕቲመስ 8አር ያሉት ፓምፕ የሌላቸው ትንንሾች የቤንዚን ናቸው። ማወናበጃም አለ፤ ኦፕቲመስ 111 የላምባ ሲሆን መልኩ የሚመስለው 111ቢ የቤንዚን ነው፣ የኦስትሪያው ፌቡስ 625 ደግሞ ፓምፕ እያለው ቤንዚን ይጠጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለላምባው ነው።

ሲፈቱ አይቸኩሉ። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ደብልዩ-ዲ 40 የተባለውን ዝገት ማላቀቂያ ነፍተው ያሳድሩ። ራሱን በሁለት ቁልፍ ይፍቱ፦ አንዱ ራሱን ሲያዞር ሌላው ከታንኩ የሚወጣውን ቋሚ ቱቦ ይይዛል። በአንድ ቁልፍ ከታገሉ ቱቦው ከታንኩ ጋር የተበየደበት ቦታ ይጠመዘዛል፣ ያ ሲሆን ሥራው ያኔውኑ አበቃ። ፒንሳ ናስን ይበላል፤ የግድ ከሆነ ጨርቅ ይጠቅልሉበት።

አሁን ወደ ፓምፑ። ከአሥር «ሞተ» ከተባለ ፕሪሙስ አብዛኛው የሞተው እዚህ ነው። የፓምፑን ክዳን ፈትተው ዘንጉን ሲያወጡ ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ሲኒ የተገለበጠ ቆዳ አለ። ደርቆ ከሆነ መጀመሪያ በሞተር ዘይት ነክረው ያሳድሩት፤ ብዙው ይነሳል። ቅቤ አይቀቡት፣ ይሻግትና ይደርቃል። የተቀደደ ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ሄደው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ቆዳ ቁራጭ ይጠይቁ። የፓምፑን ቱቦ የውስጥ ስፋት ለክተው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ጨምረው ክብ ይቁረጡ፣ መሃሉን ይብሱ። ለብ ባለ ውሃ አርጥበው ቱቦው አፍ ላይ በእርሳስ ጀርባ ወደ ውስጥ ይግፉት፤ የሲኒ ቅርጽ ይዞ እዚያው ይደር። ሲደርቅ በዘይት ያርሱት። የሲኒው አፍ ወደ ታንኩ መዞር አለበት፤ ወደ እጀታው ከዞረ አየሩ ሁሉ ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ሰውም ቆዳው መጥፎ ነው ብሎ እንደገና ይቆርጣል።

ከፓምፑ ቱቦ ሥር፣ ከታች ድረስ፣ አየር አስገብቶ ጋዝ እንዳይመለስ የሚከለክል ትንሽ ቫልቭ አለ። ረጅም ካቻቢቴ ወይም ቶርኖ ቤት የተሠራ ቀጭን መፍቻ ያስፈልገዋል። ውስጡ ቀጭን ሞላና የምስር ክክ የምታክል የቡሽ ወይም የጎማ ቁራጭ ያገኛሉ። የድሮዋ ጠንክራ ስለሚሆን ትቀየራለች። ምትኩን ከባጃጅ ወይም ከሞተር ሳይክል የነዳጅ ጎማ በምላጭ ይቁረጡ፤ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ግን በላምባ ያብጣል፣ በሳምንት ውስጥ ይለጠፋል። የክዳኑንም ማሸጊያ ከዚያው ነዳጅ ከሚችል ጎማ ያዘጋጁ። ሞላው ዝጎ ከሆነ በቀላሉ ስለሚሰበር ከመሳብ ይልቅ ይቀይሩት።

የሚቃጠልበትን ራስ የሚደፍነው በውስጡ የሚጠራቀመው የላምባ ከሰል ነው። በከሰል እሳት ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ያግሉትና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ሲመቱት ጥቁሩ ብናኝ ይራገፋል። ውሃ ውስጥ መንከር ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ያረጀ ብየዳ ያለበትን ራስ ግን ስለሚሰነጥቀው አንመክረውም። እንፋሎቱ የሚወጣበት የአፍንጫው ቀዳዳ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይሰፋም። የሚጸዳው ለዚሁ በተሠራ ቀጭን መርፌ ወይም ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ አንድ ነጠላ ክር ነው። የስፌት መርፌ ካስገቡ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስት ያጠቁራል፣ መድኃኒቱም አዲስ አፍንጫ ብቻ ነው።

በራሱና በቋሚው ቱቦ መካከል የምትገባ የእርሳስ ሮንዴላ አለች። ጎሚስታ ቤት የሚጣለውን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ 2 ሚሊ ሜትር አድርገው ቀጥቅጠው መቁረጥ ይቻላል፤ በጥፍር የማይጫር ከሆነ እርሳስ ላይሆን ይችላልና ይተዉት። ከሥራው በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ምግብ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይም አይሥሩት።

ታንኩን በትንሽ ላምባና በአንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር አናውጠው ያጥቡት፤ ጠጠሩን ቆጥረው ያስገቡ፣ ቆጥረው ያውጡ። ውጩን በሎሚ ጭማቂ ማሸት ይበቃል። ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፈው ካሳደሩት ግን ዚንኩ ይበላና ናሱ ሮዝ ይሆናል። ማርካውና ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አይንኩት፤ ምድጃውን ዋጋ የሚያሰጠው ያ ጽሑፍ ነው። ማወልወል የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከእሱ ይጀምርና የሚያብረቀርቅ የሚያፈስ ምድጃ ይዞ ይቀራል።

ጋዝ ከመጨመርዎ በፊት በውሃ ይፈትኑት። ራሱን አውልቀው ቋሚው ቱቦ ላይ የነዳጅ ጎማ ቁራጭ ያልብሱ፣ የጎማውን ሌላ ጫፍ በቡሎን ዘግተው ሁለቱንም በሽቦ ይሰሩ። ክዳኑንና የአየር ብሎኑን አጥብቀው 10 ጊዜ ይንፉ፣ ሙሉውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ከክዳኑ አረፋ ቢወጣ ማሸጊያው ነው፤ ከፓምፑ ቢወጣ የታችኛው ቫልቭ ነው፤ ከታንኩ አካል ቢወጣ ምድጃው ለጌጥ ይቀመጥ። በብየዳ የደፈኑትን ታንክ እሳት ላይ አያስቀምጡ።

የመጀመሪያውን እሳት ደጅ ላይ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብ አድርገው ያንድዱ። ታንኩን ከሦስት ሩብ አያሳልፉ፤ አየር ቦታ ይፈልጋል። የአየር ብሎኑን ከፍተው ከራሱ ሥር ያለውን ጽዋ በአልኮል ይሙሉና ያቀጣጥሉ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ ስላለው በደንብ አያሞቅም፣ ከ90 በላይ የሆነውን ይፈልጉ። በአረቄ የሚሞክር አይጠፋም፤ እሳቱ ቱቦውን ሳያግል ያልቃል። አልኮሉ ሊያልቅ ሲል ብሎኑን ዘግተው ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ይንፉ። ሰማያዊ ሆኖ «ሹሹ» ማለት ሲጀምር ሌላ 10 ወይም 15 ይጨምሩ። ቢጫ ነበልባል ከዘለለ አልሞቀም ማለት ነው፤ ብሎኑን ወዲያው ይክፈቱ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከአልኮሉ እንደገና ይጀምሩ።

እየነደደ የፓምፑ እጀታ ብቻውን ወደ ላይ ከወጣ የታችኛው ቫልቭ እየመለሰ ነው፤ ያጥፉት። ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ከሄደ የራሱ ክዳን ተንጋዷል ወይም አፍንጫው ቆሽሿል። እየተነፈሰ ከፍ ዝቅ ካለ ግፊቱ አንሷል፣ ነፍተውትም ካልተስተካከለ ውስጡ ገና ከሰል አለ። ማጥፊያው የአየር ብሎኑን መክፈት ነው። በጋለ ምድጃ ላይ ጋዝ አይሞላም፣ በተዘጋ ክፍልም አይነድም፤ የከሰል ጭስ እንደሚገድለው እሱም ይገድላል።

ሲፈትኑ ውሃው በ100 ዲግሪ ካልፈላ ምድጃውን አይውቀሱ፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ስለሆነች እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የጅማ ክረምት ደግሞ እግሮቹን በአንድ ወቅት ስለሚያዝጋቸው ዘይት የነካ ጨርቅ ያሳልፉባቸው። ሲያስቀምጡ ላምባውን ያውጡ፤ የቆየ ላምባ ቢጫ ሆኖ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ አፍንጫውንም ይዘጋል። የአየር ብሎኑን ላላ አድርገው፣ ፓምፑ ቆዳ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት ጨምረው ይተዉት።